የሊቀ ስጋት ስጦታው አጥር

በየከተማው፣ ሌላው ሕዝብ እፎይ ብሎ እንዲያድር፣ የሁሉንም ጭንቀት ሰብስቦ የሚሸከም አንድ ሰው አለ። ደመወዝ የለውም፤ ሹመቱንም የሰጠው የለም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ሰርግ ስትጠሩት ከሙሽራዋ ይልቅ የድንኳኑን ምሰሶ ያያል። አዲስ ቤት ስታስመርቁ "እንኳን ደስ አላችሁ" ከማለቱ በፊት ጣሪያውን አንጋጦ "ይህን ግንድ ምስጥ አልነካውም?" ይላል። ደህና ነኝ ካላችሁት ጠጋ ብሎ ዓይናችሁን ያይና "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ደህና አይደላችሁም።

በቢቸና ይህን ሹመት የያዙት ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር ስጦታው ናቸው። ከተማው ማዕረጋቸውን ሳይነፍግ "ሊቀ ስጋት" ይላቸዋል። በፊታቸው ግን አይልም፤ ከሰሙ ስለ ማዕረጉም ደግሞ መጨነቅ ይጀምራሉ ተብሎ ይፈራል።

ተራው ጭንቀታም የሚጨነቀው በአቅሙ ነው፤ ለጤፉ ዝናብ፣ ለልጁ ፈተና፣ ለጎረቤቱ ሳል። መምህር ስጦታው እነዚህንም አይንቁም፤ ዋናው ጭንቀታቸው ግን ባሕር ማዶ፣ በዓይናቸው አይተውት በማያውቁት ማሽን ውስጥ ስለሚነድ እሳት ነው። ጠዋት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ይርጋነሽ "እንዴት አደሩ?" ሲሏቸው "እኔስ ደህና ነኝ፤ እሳቱን እንጃ" ይላሉ። ወይዘሮ ይርጋነሽ መጀመሪያ ሰሞን ሮጠው የመምህሩን ጓዳ አይተው ነበር። አሁን ለምደውታል።

ነገሩ የጀመረው ከዓመታት በፊት፣ ሞጣ ሲያስተምሩ ነው። ያኔ በየክፍሉ ትምህርት በሳተላይት የሚያስተላልፍ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ነበር፤ ተማሪው "ፕላዝማ" ይለዋል። አንድ ቀን ፕላዝማው በትምህርት መሃል ድርግም አለ። ተማሪው ደስታውን ደብቆ ደብተሩን ሊያጥፍ ሲል መምህሩ ብድግ አሉና "ለመሆኑ ፕላዝማ ማለት ራሱ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጠ አልነበረም። እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ መለሱ። ጋዝ ከልክ በላይ ሲሞቅ አቶሞቹ ኤሌክትሮናቸውን ይጥላሉ፤ ያ ነው ፕላዝማ፤ ፀሐይም ይኸው ናት። አሁን የሰው ልጅ ትንሽ ፀሐይ ሠርቶ መብራት ሊያበራበት ቶካማክ የሚባል እንደ ቀለበት የዞረ ማሽን ሠርቷል። ሙቀቱ ከመቶ ሚሊዮን ዲግሪ ያልፋል። ይህን የሚችል ብረት ስለሌለ እሳቱ በማግኔት ኃይል አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይዞራል።

"እስኪ አስቡት ልጆች" አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ግድግዳውን ከነካስ?"

ከዚያ ቀን ወዲህ በእጃቸው ያለፈ ተማሪ ሁሉ፣ ፊዚክስ ባይገባው እንኳ፣ ያ እሳት ግድግዳ እንዳይነካ አብሯቸው ሲጨነቅ ኖሯል።

መድኃኒቱንም ያዘዙት ራሳቸው ናቸው፤ አጥር። በፕላዝማው ዳርቻ ላይ፣ አሉ፣ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል፤ ያ መስክ ሊያመልጥ የሚመጣውን ሁሉ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ይህን ለማሳየት ተማሪውን ሜዳ ላይ ያወጡና እጅ ለእጅ አያይዘው ክብ ይሠራሉ። ከሁሉ ተንኮለኛውን መሃል ያስገቡና "አንተ ፕላዝማ ነህ፤ ውጣ!" ይሉታል። ልጁ ይገፋል፣ ይሽሎከለካል፣ አይወጣም። መምህሩም ላባቸውን እየጠረጉ "ይኸው! ዳር ከሌለ መሃሉ ዳር ይሆናል!" ይላሉ። ዛሬ የሞጣ መድኃኒት ቤት ባለሙያው፣ የባንኩ ገንዘብ ተቀባይ፣ የሚኒባሱ ሾፌር ሁሉም አጥሩን ያውቃሉ። ሌላውን ፊዚክስ ረስተውታል።

ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ቢቸና ሲመለሱ አጥሩን ይዘውት ሄዱ። አንዴ የሰፈራቸው ሰው ፋንታና ሚስቱ ሀብትነሽ ተጣልተው መምህሩ በሽምግልና ተላኩ። ሁለቱን በየተራ አዳመጡና "መሃሉ ሙቅ ነው፣ ምንም አልሆነም፤ ሙቀቱ የሚያመልጠው በዳሩ ነው" አሉ። ዳሩ ማን ነው ሲባሉ በጣታቸው የሀብትነሽን አማት አሳዩ። ባልና ሚስቱ ታረቁ። አማቲቱ ግን እስከ ዛሬ መምህሩን ሲያዩ መንገድ ይሻገራሉ፤ እሳቸውም ሴትየዋ ሲሻገሩ መኪና እንዳይገጫቸው ይጨነቃሉ።

እንግዲህ ሀኒያ የዚህ ሰው ተማሪ ናት።

ሀኒያ የሞጣው ጨርቅ ነጋዴ የሐጂ ሙሐመድሸሪፍ ልጅ ስትሆን፣ በዘመኗ ክቡ ውስጥ ፕላዝማ ሆና የገባች እሷ ነበረች። በሰው እግር መሃል በእምብርክክ ልታመልጥ ሞክራ አልተሳካላትም። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አላማራትም። ባሕር ዳር ፊዚክስ ተማረች፤ ሁለተኛ ዲግሪዋንም በዚያው በፕላዝማ ያዘች። አሁን ባሕር ማዶ ካለ አንድ የምርምር ጣቢያ ለዶክትሬት አመልክታ ከመጨረሻዎቹ ሁለት እጩዎች አንዷ ሆናለች። ቦታው አንድ ነው። የሚቀረው በኢንተርኔት የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ብቻ ሲሆን፣ እሷ ለዒድ ሞጣ እንደገባች ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ስለተዘጋ ቃለ መጠይቁን ከአባቷ ሱቅ ጓዳ ልታደርገው ነው።

ይህ ብቻውን ለአንድ ሰው በቂ ጭንቀት ነበር። የሀኒያ ጭንቀት ግን ሌላ ነው። ባሕር ዳር ሳለች አንድ ከሰዓት በኋላ ስሌት እየሠራች አንድ ነገር ገባትና እርሳሷ ከእጇ ወደቀ፤ አጥሩ ውሸት ነው። ፕላዝማ ውስጥ ሁለት ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙላት (ቻርጅ) አለ፤ ፖዘቲቭም፣ እንደ ኤሌክትሮኗ ያለ ኔጋቲቭም። አንዱን ወደ ውስጥ የሚስብ መስክ ሌላውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ግማሹን መንጋ እየመለሰ ግማሹን የሚያባርር አጥር ምን አጥር ነው?

ለመምህሯ አልነገረችም። እንዴት ብላ? በእኛ አገር የመምህርን ስህተት ያየ ተማሪ እንደ ወላጁ እርቃን ዓይኑን መልሶ ያልፋል። እሳቸው ደግሞ ቃለ መጠይቅ እንዳላት ከሰሙ ጀምሮ በየጠዋቱ ይደውላሉ።

"ሀኒያ! እንዴት አደርሽ? ተኛሽ? አልተኛሽም፤ ድምፅሽ ያስታውቃል።"

"ተኝቻለሁ ቲቸር።"

"እርግጠኛ ነሽ? ይሁን። አደራሽን መጀመሪያ አጥሩን ንገሪያቸው። ከአጥሩ ጀምሪ። ሌላው ይደርሳል።"

"እሺ ቲቸር" ትላለች ሀኒያ። አጥር ብላ ከጀመረች ጠያቂዎቹ ፈገግ ብለው ያሰናብቷታል፤ ቦታው ለሌላው ይሄዳል። እውነቱን ከተናገረች ደግሞ መምህሯ አይሰሙም፤ ቢቸና ናቸው። በዚህ እየተጽናናች ከረመች። በዋዜማው ስልኩ ጮኸ።

"ነገ እመጣለሁ" አሉ መምህር ስጦታው።

"ቲቸር፣ ለምን ይደክማሉ? መንገዱም—"

"በዚህ በኩል ክፍት ነው፤ አጣርቻለሁ። መብራት ቢጠፋስ? ማን አለሽ?"

በማግስቱ ረፋድ ላይ የሞተር ሳይክል ባትሪ በጋቢ ጠቅልለው፣ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው አቅፈውት ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ኬላ ላይ "ምንድን ነው ይሄ?" ተብለው "ለፕላዝማ ነው" ብለው ነበር። አላሳልፍም ሊባሉ ሲሉ ከፈታሾቹ አንዱ የሞጣ ተማሪያቸው ሆኖ ተገኘና "ቲቸር፣ እስካሁን ግድግዳውን አልነካም?" ብሎ አሳለፋቸው።

"አልነካም፤ ግን እንጃ" ብለውት አለፉ።

የሀኒያ እናት ዘይዳ ሻይና ዳቦ አቀረቡላቸው። ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ ዳቦው ቅቤ እንዳልነካው ምለው ነገሯቸው። መምህሩ አመሰገኑ፤ ግን አልበሉም። ባትሪውን ከላፕቶፑ ጋር በሆነ ሽቦ ሊያገናኙ ሲሉ ሐጂ ሙሐመድሸሪፍ እጃቸውን ያዙ።

"ጋሼ ስጦታው፣ መብራት ሳይጠፋ እርስዎ እንዳያጠፉት።"

"ከጠፋስ ሐጂ?"

"ከጠፋ አላህ አለ። አሁን ይቀመጡልኝ።"

ተቀመጡ። ካሜራው ካያቸው ልጅቱ ታፍራለች ብለው ጓዳውን ከሱቁ ከሚለየው መጋረጃ ጀርባ፣ አንድ የጨርቅ ጣቃ ላይ ተቀመጡ። ሀኒያ ዓይኗ መጋረጃው ላይ ተተክሎ ቀረ። ከሥር ጫማቸው ይታያል። ቢቸና ናቸው ብላ የተጽናናችባቸው ሰው ከወንበሯ ሁለት ክንድ ርቀው ትንፋሻቸውን ውጠው ተቀምጠዋል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ይሰማሉ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሦስት ጠያቂዎች ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ። ሰላምታ ሆነ፤ ስለ ትምህርቷ ጠየቁ፤ መለሰች። መብራት አልጠፋም። ኔትወርኩ እየተንጠባጠበም ቢሆን ይሠራል። ከዚያ መሃል ላይ ያሉት፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት መነጽራቸውን አወለቁ።

"በፕላዝማው ዳርቻ ላይ የኤሌክትሪክ መስክ ሲጠነክር ሙቀቱ ማምለጡን በድንገት ይቀንሳል። ለምንድን ነው? ለማያውቅ ሰው እንደምትነግሪ አድርገሽ ንገሪን።"

ከመጋረጃው ጀርባ ጣቃው ኮሽ አለ። መምህሩ ወደ ፊት ጎንበስ ማለታቸው ነው። ጥያቄዋ መጣች፤ አጥሯ ደረሰች። ሀኒያ 'አጥር' የሚለውን አንድ ቃል ብቻ ብትል እኒያ ሽማግሌ ደስ ብሏቸው ቢቸና ይገባሉ፤ እሷም እዚሁ ሞጣ ጨርቅ ስትለካ ትቀራለች። ሌላውን ብትል፣ በስንት ትውልድ ፊት የተከሉትን አጥር ራሳቸው ያሳደጓት ልጅ በሰው ፊት ልታፈርሰው ነው። ስለ ሁለቱም አለቀሰች፤ በሆዷ።

"ብዙ ሰው አጥር ይመስለዋል" አለች በመጨረሻ። "አጥር አይደለም።"

ከመጋረጃው ሥር የሚታዩት ጫማዎች ወደ ኋላ ተሳቡ።

"አጥር ሊሆን አይችልም፤ አንዱን ቢመልስ ሌላውን ይገፋል" ብላ ቀጠለች። ካቆመች እንደማትጀምረው አውቃለች። እጇን ሰደድ አድርጋ ለትራስ ከሚሸጠው ጥጥ አንድ እፍኝ ዘገነችና በሁለት መዳፏ መሃል አደረገችው። "ሙቀቱን ከመሃል ወደ ግድግዳ የሚያሸሹት በፕላዝማው ውስጥ የሚነሱ ትንንሽ አዙሪቶች ናቸው። ይህ ጥጥ አንድ አዙሪት ነው እንበል። የኤሌክትሪኩ መስክ ከማግኔቱ ጋር ሲጣመር ፕላዝማውን ወደ ጎን እንዲፈስስ ያደርገዋል። ፍሰቱ በየቦታው እኩል ከሆነ ምንም ጥቅም የለውም።" ሁለቱን መዳፎች እኩል ወደ አንድ አቅጣጫ ወሰደች፤ ጥጡም እንዳለ አብሮ ሄደ። "አዙሪቱ እንዳለ ይጓዛል፤ ሙቀቱም ያመልጣል። ዳርቻው ላይ ግን መስኩ በአጭር ርቀት ውስጥ በኃይል ይለዋወጣል። ስለዚህ አንዱ ንብርብር ሲፈጥን ጎረቤቱ ይዘገያል።" አንዱን መዳፍ አፍጥና ሌላውን አዘገየችው። ጥጡ ተሳበ፣ ረዘመ፣ ቀጠነ፣ ብጥስ አለ። "አዙሪቱ ሙቀቱን ተሸክሞ ግድግዳው ጋ ሳይደርስ ይበጣጠሳል። የሚይዘው የመስኩ ጉልበት አይደለም፤ በጎረቤታሞች መሃል ያለው የፍጥነት ልዩነት ነው።"

ቀና አለች። የሦስቱም ጠያቂዎች ፊት ደርቆ ቆሟል፤ የአንደኛው አፍ እንደተከፈተ ነው። ኔትወርኩ ሄዷል። ምን ያህሉን ሰሙ? ምንም አልሰሙ ይሆን? መምህሯን ያዋረደችው ለባዶ ስክሪን ነው? ሀኒያ የተበጠሰውን ጥጥ እንደያዘች ደነዘዘች። መምህሩ ሄደው ይሆናል ብላ ከመጋረጃው ሥር ጫማቸውን ፈለገች። ቆመዋል።

መጋረጃው ተገለጠ።

"ይበል!" አሉ መምህር ስጦታው። ጩኸቱ የጨርቅ ሱቅ የሚችለው አልነበረም። ፊዚክስ ከመማራቸው በፊት ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው፤ ባለቅኔው ምሥጢሩ ሲሰምርለት ማኅሌት ውስጥ የሚሰማው ቃል ከየት እንደመጣ ሳያውቁት ወጣ። "ይበል! ይደገም!"

ሐጂ ሙሐመድሸሪፍ ሰው የወደቀ መስሏቸው ከሱቁ ሮጠው መጡ። በዚያው ቅጽበት ስክሪኑ ተንቀሳቀሰ።

"ይቅርታ፣ መሃል ላይ ተቋረጠብን" አሉ ሴትየዋ። "አንድ ሰው ሲጮህ ግን ሰምተናል። ሰላም ነው? ምንድን ነው የሚሉት?"

"መምህሬ ናቸው" አለች ሀኒያ፣ እንባዋን በጥጡ እየጠረገች። "ድገሚው ነው የሚሉኝ።"

ሴትየዋ መነጽራቸውን አጠለቁ። "እኛም የምንለው ይህንኑ ነው።"

ደገመችው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በለጠ፤ አሁን የምትናገረው ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ከስክሪኑ በላይ፣ መጋረጃውን በእጃቸው ጨብጠው ወደቆሙት ሽማግሌ ነበር።

ሲያልቅ "ቲቸር፣ ይቅር ይበሉኝ" አለች።

"ዝም በይ!" አሉ መምህሩ፤ ጣቃው ላይ ዝርግፍ ብለው ተቀመጡ። "ያቺ ኤሌክትሮን እኮ ስንት ዘመን ነው ያስጨነቀችኝ! ክቡን ሠርቼ 'ውጣ' ባልኩ ቁጥር፣ ኤሌክትሮኗስ የት ትሄዳለች እላለሁ በልቤ። ማንን ልጠይቅ? የሚያውቅ ያልኩት ሰው ሁሉ ያወቀው ከኔ ነው። አንቺን በየጠዋቱ አጥሩን ንገሪያቸው ስልሽ፣ 'የለም ቲቸር፣ ተሳስተዋል' ትይኛለሽ ብዬ ነበር። 'እሺ' እያልሽ ገደልሽኝ።"

"ፈርቼ ነው።"

"እኔም ፈርቼ ነው" አሉና ዳቦውን ስበው በአንድ ጊዜ ጨረሱት።

ከዚያ አላስቀምጥ አላቸው። አውራ ጎዳናው ላይ ወጥተው መድኃኒት ቤቱን በር አንኳኩና ባለሙያውን በመስኮት ጠሩት። "አጥር አይደለም! ያስተማርኩህን ተወው። ሀኒያ ረታችኝ!" ባንኩ ገቡና ወረፋውን ጥሰው ለገንዘብ ተቀባዩ ይህንኑ አሉ። ለልጁ ሚስት ያጨ አባት እንኳ እንዲያ ሲኩራራ አልታየም። ሀኒያ በሱቁ በር ቆማ "ሚኒባሱ ያመልጥዎታል!" እያለች ትጣራለች፤ የሚሰማት የለም። የምርምር ጣቢያው "እንኳን ደህና መጣሽ" የሚል መልስ የላከው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሞጣ ግን በዚያው ከሰዓት በኋላ ያለፈች አድርጋ ቆጥራት ነበር።

መምህሩን ተማሪያቸው በነበረው በሾፌሩ በሙጀሂድ ሚኒባስ አሳፍራ፣ ባትሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጣ ሸኘቻቸው። ሱቁ ሳትደርስ ስልኳ ጮኸ።

"ሀኒያ" አለ ሙጀሂድ፤ ያንሾካሽካል። "ቲቸር ተኝተዋል።"

"ምን ማለትህ ነው ተኝተዋል?"

"እንቅልፍ ነዋ! ገና ከሞጣ ሳንወጣ። እኔ እኮ ሁልጊዜ ስጭናቸው 'ቀስ! ፍሬን! በሬ መጣብህ!' እያሉ የሚነዱት እሳቸው ናቸው። አሁን አንድ ቃል የለም። ተሳፋሪው ፈርቷል። እንቀስቅሳቸው?"

"ትንፋሻቸው አለ?"

"አለ። ያንኮራፋሉ።"

"ተዋቸው በቃ። ቀስ ብለህ ንዳ።"

ተዋቸው አለች እንጂ እሷ አልተወችም። ደብረ ወርቅ ሳይደርሱ ደወለች። ደብረ ወርቅ ሲደርሱ ደወለች። እናቷ "አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ተቀመጪ እንጂ" ቢሏት ከሱቁ በር አልገባ አለች። ሚኒባሱ ውስጥ ሙጀሂድ ዘፈኑን አጥፍቷል፤ አንዲት እናት ልጇ እንዳያለቅስ ጡት አጉርሳ ይዛዋለች፤ ረዳቱ ሂሳብ የሚሰበስበው በምልክት ነው። አንድ አዛውንት ባትሪው ከመምህሩ ጭን እንዳይንሸራተት መንገዱን ሙሉ በሁለት እጃቸው ደግፈውት ሄዱ።

ቢቸና መናኸሪያ ሲገቡ ገና አልመሸም። መኪናው ቆመ፤ ሞተሩ ጠፋ። የዚያ ሚኒባስ በር ሲከፈት ክፉኛ ይጮኻልና፣ መምህሩን እንዳይቀሰቅስ ከተሳፋሪው አንድም ሰው አልወረደም።